በልኩ የታሰረ ሄልሜት

ብስክሌተኛው ከቁልቁለቱ ኩርባ በታች፣ ውኃ ባቆረ ቦይ ውስጥ፣ በጎኑ ተኝቶ ተገኘ። የፊቱ ግማሽ ውኃው ውስጥ ነው። ብስክሌቱ እግሮቹ ላይ ወድቋል፤ የፊት ጎማው ተጣሟል። ሄልሜቱ ግን ከጭንቅላቱ ላይ ንቅንቅ አላለም። መንገደኛው ሁሉ ቆም እያለ «ምስኪን፣ ፍሬን እምቢ ብሎት ይሆናል» ብሎ ከንፈሩን መጥጦ ያልፍ ነበር።

መርማሪዋ ከንፈሯን አልመጠጠችም። በመሥሪያ ቤቷ «ቆይ እስቲ» ይሏታል፤ አለቆቿ ምርመራ ሊዘጉ ሲሉ በዚህ ቃል ጣልቃ መግባት አመል ሆኖባታል። ከእሷ በኋላ የተቀጠሩት ሁሉ በማዕረግ ጥለዋት ሲሄዱ እሷ የቀረችው በዚሁ አመሏ ነው ይላሉ የሚወዷት። የማይወዷትም የሚሉት ይህንኑ ነው።

አስከሬኑ ወደ ደረቁ ሣር ሲወጣ አጠገቡ ቁጢጥ አለችና አገጩን ታይ ጀመር።

«ቁስሉ እዚያ አይደለም» አላት ሐኪሙ። «ከኋላ ነው፣ ከሄልሜቱ ሥር። የራስ ቅሉ ተሰንጥቋል።»

«ሄልሜቱስ?»

«ሄልሜቱ ምን?»

«እሱም ተሰንጥቋል ወይ?»

ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ ሄልሜቱን አየ። መርማሪዋ ጓንት ያጠለቀ ጣቷን በማሰሪያውና በአገጩ መካከል ልታስገባ ሞከረች። ጫፉ ገባና ቆመ። የግራና የቀኙ ማሰሪያ ከጆሮው በታች ተጋጥሟል፤ የትም ቦታ አልተጠማዘዘም። የሄልሜቱ ጠርዝ ከቅንድቡ ከፍ ብሎ ቀጥ ያለ ነው። ግንባሩ ላይ አንዲት ጸጉር እንኳ አልወጣችም፤ አንድ ሰው ሰብስቦ ወደ ውስጥ የከተተው ይመስላል።

ከዚያ ፈታ አወለቀችው። የውስጡ ስፖንጅ ደም ጠጥቶ ጠቁሯል። ከስፖንጁ በስተጀርባ ያለው ነጭ ፎም ግን ጭረት የለበትም። ሄልሜት ሥራው መሰበር ነው፤ እሱ እየተሰበረ ጭንቅላቱን ያተርፋል። እዚህ ግን ጭንቅላቱ ተሰብሮ ሄልሜቱ ተርፏል።

«ይኼ ልጅ ሲመታ ባዶ ራሱን ነበር» አለች። «ሄልሜቱን ያደረገለት ሌላ ሰው ነው።»

አለቃዋ ነገሩን ሲሰማ ደስ አለው። የአትክልት መኪና የሚነዳ አንድ ሾፌር እጁ ላይ አለለት። አስከሬኑን አይቶ ለፖሊስ የደወለው ራሱ ሾፌሩ ነው፤ የመኪናው ጎን ደግሞ ተፍቋል።

«ገጨው፣ ደነገጠ፣ ሄልሜት አጠለቀለትና ቦይ ከተተው» አለ አለቃው። «አለቀ። ክስ ይመሥረትበት።»

«ቆይ እስቲ…»

«መጣች!»

«የደነገጠ ሰው እንደዚያ አድርጎ ያስራል ወይ ጌታዬ? እኔ ጫማዬን እንኳ እንደዚያ አላስርም።»

«እስከ ነገ ሌላ ሰው ካመጣሽልኝ አምጪ። ካላመጣሽ ሰውየው ፍርድ ቤት ይቀርባል።»

ሾፌሩ ጠባቧ ክፍል ውስጥ በካቴና የታሰሩ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ሣጥን ሲያነሣ የኖረ ሰው ነው፤ ጣቶቹ ካሮት ያካክላሉ።

«ደግ ሠራሁ ብዬ እኮ ነው፣ የኔ እመቤት» አላት። «አይቼ እንዳላየ ባልፍ ኖሮ ዛሬ ቤቴ ነኝ። የመኪናዋን ጎን የገበያው በር ነው የፋቀው፤ የማያውቅ የለም። ግን ማን ይሰማኛል? ልጆቼ አባታችሁ ሰው ገደለ ተብለው ነው የሚያድጉት?»

መርማሪዋ ሄልሜት አድርጎ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችው። ሾፌሩ ከመቀመጫው ብድግ ሊል ምንም አልቀረውም።

«እኔ? ኮፍያም አልወድ!»

ሟቹ የብስክሌት ሻጭ ቤተሰብ ልጅ ነው። ከፊት ሱቅ፣ ከኋላ መጠገኛ ክፍል፣ ከላይ መኖሪያ ቤት አላቸው። አባትየው ልጆቹ ገና ሕፃናት ሳሉ ባዶ ራሱን ከብስክሌት ወድቆ ሞቷል። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሱቅ ማንም ጭንቅላቱን ሳያስለካ ሄልሜት ገዝቶ አይወጣም፤ የእናትየው ሕግ ነው። እናትየው አሁን ጉልበታቸው ከድቷቸው ከወንበር አይነሡም። ሕጉን በድምፅ ያስፈጽማሉ፤ የሚፈጽመው ታላቁ ልጃቸው ነው። መካኒክ ነው፣ ሰፈሩ «ብሎን» ይለዋል።

መርማሪዋ ከቀብሩ በኋላ ስትገባ ሱቁ ተከፍቶ ነበር። አንድ አባት ለሴት ልጁ ትልቅ ሄልሜት መርጦ ይከራከራል።

«ታድጋለች እኮ፣ እማማ!»

«ስታድግ ይምጡ። ዛሬ ጭንቅላቷ ይኼን ያህል ነው» አሉ እናትየው። ድምፃቸው ከለቅሶ ብዛት ሻክሯል። «ብሎን፣ ለካት። ከቅንድቧ በላይ፣ ዙሪያውን። እንዳትጥለው ወደ ኋላ! ግንባሯ መሸፈን አለበት። በቅንድቧና በጠርዙ መካከል ሁለት ጣት፣ ሁለት ብቻ። የኋላ ማጥበቂያውን አዙረው። ማሰሪያው ከጆሮዋ ሥር ይገናኝ። ከአገጯ ሥር አንድ ጣት።»

ብሎን እንደታዘዘው አደረገ። እናትየው ልጅቷን አስጠግተው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጠበቅ አድርገው። ያንተ ጣት የሰው ጣት አይደለም፤ በእሱ ከለካን እናልቃለን። አሁን እንደምታዛጊ አፍሽን ክፈቺ የኔ ልጅ። ወደ ታች ሳበሽ? ጎሽ። ራስሽን አወዛውዢ። ካልተንቀሳቀሰ ያንቺ ነው።»

ልጅቷ ሳቀች፤ እናትየውም ሊስቁ ብለው ፊታቸው መሀል መንገድ ላይ ተበላሸ። እኚህ ሴት ባላቸውን ቀብረዋል፣ አንዱን ልጅ ቀብረዋል። የቀራቸው ብሎን ብቻ ነው፤ ዓይናቸው ከእሱ ላይ አይነሣም፤ ወደ ጓዳ ሲገባ እንኳ እስኪመለስ በሩን ያያሉ።

«ልጄ» አሏት መርማሪዋን፣ እጇን ይዘው። «ወድቆ ነው አይደል? ሰው አልተጠየቀበትም አይደል?»

መርማሪዋ አፏን ስትከፍት ብሎን ቀደማት። «እማ፣ ድካም አታብዢ። ነግሬሻለሁ እኮ። ይምጡ፣ ከኋላ እናውራ።»

መጠገኛው ክፍል ግድግዳው ሳይቀር ዘይት ጠጥቷል። መፍቻዎቹ፣ ጠረጴዛው፣ ወለሉ ሁሉም ጥቁር ነው። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ የተተከለው፣ ብረት ነክሶ የሚይዘው ትልቅ ሞርሳ ብቻ ፏ ብሎ ያበራል። በሩ አጠገብ ባለሦስት ጎማ የዕቃ ብስክሌት ቆሟል።

«ሞርሳ ታጥባላችሁ እንዴ?» አለች መርማሪዋ።

«ማጽዳት ነውር ነው?» አለ ብሎን፣ ዓይኑን መሬት ላይ እንደተከለ።

«ነውርስ አይደለም። ሌላውም ቢደርሰው ብዬ ነው። ወንድምህን መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?»

«ጎህ ሲቀድ፣ ለልምምድ ሲወጣ። የተራራ ውድድሩ ደርሶበት ነበር። እናቴ አትሂድ ትለዋለች፣ እሱ አይሰማም። እና ሄደ። በቃ።»

የሟቹ ሚስት ላይኛው ፎቅ ላይ ናት። ጸጉር ሠሪ ነች፤ ጣቶቿ ቀጫጭንና ፈጣን ናቸው። መርማሪዋ ይህን ስታይ ሄልሜቱ ውስጥ የተከተተችውን ጸጉር አስታወሰች።

«ሄልሜቱን እንዴት ነበር የሚያደርገው?»

«ማን፣ እሱ?» ሚስትየው እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። «ወደ ኋላ ለጥጦ ነዋ! ማሰሪያውን ያላላውና እንደ ሐብል ደረቱ ላይ ይጥለዋል። ግንባሩ ላይ የምትወርድ ጸጉር አለችው። እኔ ነኝ እንድትወርድ አድርጌ የምቆርጣት። ሰው ሁሉ ሲቆጣው ‹ሚስቴ የሠራችልኝን ልሸፍን?› ይል ነበር።»

«ያን ዕለት ከሰው ተጨቃጨቀ?»

«ከታች ጭቅጭቅ ሰምቻለሁ። ግን በዚህ ቤት በሄልሜት ያልተጨቃጨቀው ማን አለ? ትራሱን አቅፌ ተኛሁ። ተኛሁ እኮ!»

የሟቹ አሠልጣኝ ደግሞ ጉሮሮው የተበጠሰ እስኪመስል የሚጮህ ሽማግሌ ነው። ለውድድሩ በነበረው ልምምድ ሟቹን በሰው ፊት «አንገትህን ነው የምሰብረው!» ብሎት ነበር።

«ብየዋለሁ! አሁንም እላለሁ!» አለ ለመርማሪዋ። «ሄልሜት ወደ ኋላ አድርጎ ቁልቁለት የሚወርድን ሰው ምን ልበለው? ስመው? አገጩ ሥር እጄን በሙሉ አስገብቼ አሳይቼዋለሁ። ሣቀብኝ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የሚወደድ ልጅ ነበር፣ ጉድ እኮ ነው። ያናድደኛል ግን እወደው ነበር።»

በማግሥቱ ጠዋት መርማሪዋ ሁሉንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። እናትየው ወንበራቸው ላይ፣ ብሎን ከኋላቸው፣ ሚስትየውና አሠልጣኙ ባንኮኒው አጠገብ። አለቃው ሰዓቱን ደጋግሞ እያየ በሩ ላይ ቆመ። በመጨረሻ ሾፌሩን አስገቡት፤ እጁ ከፊቱ እንደታሰረ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። እናትየው ማን እንደሆነ ግራ ገብቷቸው አዩት። ብሎን የወንበሩን መደገፊያ ጨምቆ ያዘ።

«ልጁ የሞተበትን ነገር እነግራችኋለሁ» አለች መርማሪዋ። «ሁላችሁም የምታውቁት ነገር ስለሆነ ብዙ አልደክምም። ሄልሜቱ አልተሰበረም። ከሥሩ ያለው ራስ ተሰብሯል። ስለዚህ ሲመታ ሄልሜቱ ከራሱ ላይ አልነበረም፤ ያጠለቀለት ሌላ ሰው ነው። እዚህ ላይ የሚከራከረኝ አለ?»

«የለም፤ ሾፌሩ ነው ያጠለቀለት» አለ አለቃው።

«ቆይ እስቲ ጌታዬ። አንድ ሰው ‹ሲጋልብ ወደቀ› ለማስባል ቢፈልግ ልጁ ዘወትር እንደሚያደርገው ነበር የሚያደርግለት። ወደ ኋላ፣ ልል አድርጎ። ያ ሁሉ ሰው የሚያውቀው ነው። ይኼ ሰው ግን ያን ማድረግ አልቻለም። እጁ እምቢ አለው። ቅንድቡን ለካ፣ ማሰሪያውን ከጆሮ ሥር አጋጠመ፣ ከአገጩ ሥር አንድ ጣት ተወለት። ልጁን በሕይወቱ ያልሆነውን አደረገው። ይህን የሚያደርግ፣ ሄልሜት በትክክል ካልታሰረ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው። እስቲ እንሞክረው።»

የሟቹን የሚመስል ሄልሜት ከመደርደሪያ አወረደችና ለአሠልጣኙ ሰጠችው። «ለእኚህ ሰው ያድርጉላቸው።»

አሠልጣኙ ሾፌሩ ራስ ላይ ደፋና ቆልፎ ጨረሰ። በአገጩ ሥር ሁለት ጣት ያስገባል። ሚስትየው ተራዋ ሲደርስ ግንባሩን ግልጥ አድርጋ አስቀመጠችው፤ ሁለቱንም ማሰሪያ ከጆሮው ፊት አሳለፈች። ባሏ ሲያደርግ ያየችውን ነው ያደረገችው። ብሎን በትክክል አሰረ፤ ቅንድብ፣ ጆሮ፣ ሁሉም ልክ ነው። መርማሪዋ ጣቷን ከአገጩ ሥር አስገባች። በቀላሉ ገባላት፣ ቦታም ተረፈ።

«በሟቹ ላይ ይኸው ጣቴ ጫፉ ብቻ ነው የገባው» አለች። «የለካው ጣት ከእኔ የቀጠነ ነው። የሾፌሩ አይደለም፣ የብሎንም አይደለም።» ወደ ወንበሩ ዞረች፤ ድምፅዋም ዝቅ አለ። «እማማ፣ እርስዎም ይሞክሩልኝ።»

«ይተዉአት!» አለ ብሎን። «መቆም አትችልም! እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የገደልኩት፣ ሰማችሁ?»

እናትየው ግን ተነሥተው ነበር። ባንኮኒውን ተደግፈው ሾፌሩ ጋ ደረሱ። ራሳቸውን መግታት አልቻሉም፤ ብሎን አላልቶ ያሰረው ሄልሜት ዓይናቸው ፊት ጠሞ ነበር። አቀኑት። የሰውየውን ላብ ያረጠበው ጸጉር በጣታቸው ሰብስበው ወደ ውስጥ ከተቱት። ማሰሪያውን ከጆሮው ሥር አጋጠሙ፣ ከአገጩ ሥር ቀጭን ጣታቸውን አስገብተው ሳቡ። ያን ጊዜ ነው ካቴናውን ያዩት።

«አንተ ምን አድርገህ ነው የታሰርከው፣ ልጄ?»

«ሰው ገደልክ ብለውኝ ነው፣ እማማ።»

«ማንን?»

ሾፌሩ አንገቱን ደፋ። «የእርስዎን ልጅ ነዋ።»

እናትየው ቀስ ብለው ወደ ብሎን ዞሩ። «‹ወድቆ ነው ብለው ተቀበሉ› አላልከኝም?»

መርማሪዋ ወንበሩን ስባ አመጣችላቸው፤ እሳቸው ግን አልተቀመጡም፤ አንድ እጃቸው አሁንም የሾፌሩ ሄልሜት ላይ ነው።

«እዚያ መጠገኛው በር ላይ ተቀምጬ ነበር» አሉ። «እንደ ልማዱ ለጥጦት ሊያልፍ ሲል ሄልሜቱን ያዝኩት። ላስተካክልለት ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ቁምልኝ አልኩት። አልቆምም ብሎ ራሱን ነጠቀኝ። ያ ማሰሪያ ልል ነው፤ ሄልሜቱ እጄ ላይ ቀረ። እሱ በራሱ ኃይል ወደ ኋላ ሄደ… ሞርሳው ጫፍ አለው። ጮኽኩ መሰለኝ። አልጮኽኩም መሰለኝ። ወለሉ ላይ ተንበረከክሁ። ጉልበቴ እንዴት እንደታዘዘኝ አላውቅም። አደረግኩለት። ከሕፃንነቱ ጀምሮ አንድ ቀን አርፎ አሳስሮኝ አያውቅም። ያን ቀን ዝም አለልኝ።»

ሚስትየው ፊቷን ባንኮኒው ላይ ደፋች። አሠልጣኙ ኮፍያውን ያሽ ነበር።

«ከዚያ ብሎን መጣ» አለች መርማሪዋ።

«እኔን ሊያድን ነው» አሉ እናትየው በችኮላ። «በዕቃ ብስክሌቱ ጭኖ ወሰደው። ‹ዝም በይ፣ ወድቆ ነው እንላለን› አለኝ። እሱ ምንም አላደረገም፣ ልጄ። ሸሸገ እንጂ ምን አደረገ? እኔ ነኝ የገደልኩት፤ እኔን ውሰጂኝ። ይኼንን ምስኪን ፍቺው። ያን አንዱን ግን ተዪልኝ። እለምንሻለሁ፣ ሌላ የለኝም።»

የመርማሪዋ ዓይን ብሎን ላይ ቆመ። ሐኪሙ ያን ጠዋት የነገራት ነገር በጆሮዋ ገብቶ ከዚያ ወዲህ አልወጣላትም። ሙያዋን የጠላችበት ቀን ቢኖር ይህ ቀን ነው።

አስተያየቷን መጀመሪያ የተረዳው ራሱ ብሎን ነው።

«ሞቶ ነበር» አለ። «ደረቱ ላይ ጆሮዬን አድርጌ ሰምቻለሁ። ምንም አልነበረም። ሞቶ ነበር አይደል?»

«ብሎን…»

«ይንገሩኝ! ሞቶ ነበር አይደል?»

«ፍርድ ቤት ውስጥ በሰው ፊት ከምትሰማው ከእኔ ስማው» አለች መርማሪዋ። «ከሞርሳው ቁስል አልሞተም። ያ ሁሉ ደም ሄልሜቱን ካደረጉለት በኋላ ነው የፈሰሰው። ራሱን ስቶ፣ በቀስታ ይተነፍስ ነበር። ሳንባው ውስጥ የቦዩ ውኃ ተገኝቷል።»

ብሎን ትልልቅ እጆቹን ወደ ፊቱ አነሣና አያቸው። ከባንኮኒው ሥር ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

አለቃው ጉሮሮውን ጠረገና የሾፌሩን ካቴና ፈታለት። ሾፌሩ ነፃ ወጥቶም አልሄደም፤ የት እንደሚያይ ጠፍቶት እዚያው ቆመ።

«ይኼን ለምን ነገርሽን?» አሉ እናትየው። አልተቆጡም። የምር መልሱን የፈለጉ ይመስሉ ነበር።

እናትየው ወደ ልጃቸው ዞሩ። ሊያቅፉት ይመስል ያን ዕለት ሄልሜቱን የያዙበትን እጃቸውን ወደ ራሱ ዘረጉ። እጃቸው ጸጉሩ ጋ ሳይደርስ ቆመ፤ ከዚያም መለሱት።